ከላሊበላ አክሱም፦ በሰማይ 45 ደቂቃ፣ ከበር እስከ በር አራት ሰዓት

አሜሪካ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ አገር ቤት ለመሄድ የተነሱ ወዳጆቼ አንድ ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቁኛል። ከላሊበላ አክሱም በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው? ቢበዛ 45 ደቂቃ ነው። በአየር ርቀቱ ወደ 240 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ግን ይህን ብቻ ይዞ ፕሮግራም የሚያወጣ ሰው ይቸገራል።

እኔ የሄድኩት በ2012 ለኅዳር ጽዮን ነው፣ እናቴን ይዤ። እማዬ ጉልበቷን ስለሚያማት መኪና የሚታሰብ አልነበረም። በሰቆጣ በኩል ያለው መንገድ ተራራ እየወጡ ገደል እየወረዱ ነው፣ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ለአውሮፕላኑ የከፈልኩት አልቆጨኝም። ደግሞም ከውጭ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከመጣችሁ የአገር ውስጥ ትኬት ቅናሽ አለው፣ ስትቆርጡ ጠይቁ።

ያናደደኝ ሌላ ነው። የበረራው ሰዓት ወደ ፊት መጥቶ ኖሮ ማንም አልነገረንም። ትኬቱን አሜሪካ የቆረጠልን ወኪል በእኔ ስልክ ፋንታ የራሱን ቁጥር አስገብቶ፣ መልእክቱ ለእሱ ሲደርስ እዚያ ሌሊት ነበርና ተኝቷል። ያወቅነው ገና ቁርስ ሳንጨርስ የሆቴሉ ልጅ ለሌላ እንግዳ ሲናገር ሰምተን ነው። ኤርፖርቱ ደግሞ ከከተማው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ ቁልቁለት ነው፣ እማዬም ቶሎ ቶሎ መራመድ አትችልም። እባካችሁ፣ አገር ቤት የምትይዙትን የስልክ ቁጥር ራሳችሁ አስመዝግቡ። ሰዓቱንም ለወላጆቻችሁ በእኛ አቆጣጠር ንገሯቸው፤ ትኬቱ ላይ 10:30 የሚለውን እማዬ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል መስሏት ነበር።

ፍተሻው ላይ ያየሁትን ግን አልረሳውም። እማዬ የላሊበላ ጠበል በሁለት ሊትር የውሃ ጠርሙስ ይዛ በእቅፏ ነው። በእጅ አይገባም ሲሏት ፊቷ ልውጥ አለ። ሻንጣ የምትቀበለው ልጅ ይህን አይታ ተነስታ መጣች። «እማማ፣ አይደፋም፣ ይስጡኝ» አለቻት። ክዳኑን አጥብቃ፣ በፌስታል ሁለት ጊዜ ጠቅልላ፣ በእማዬ ጋቢ መሃል አድርጋ ሻንጣው ውስጥ አስገባችው። ከኋላችን ሰልፍ ነበር፣ ማንም አላጉረመረመም።

አውሮፕላኑ ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ነው። ወደ አክሱም ስትሄዱ በግራ በኩል ተቀመጡ። ሰማዩ ጥርት ካለ የተከዜ ግድብ ሐይቅ በተራሮቹ መሃል እንደ ክንድ ተዘርግቶ ይታያል፣ ራቅ ብሎ ደግሞ የሰሜን ተራሮች። እማዬ ከመስኮቱ ዓይኗን ሳትነቅል «ይሄን ሁሉ ነው አያቶቻችን በእግራቸው የሄዱት» አለችኝ። ለመውረድ ስንዘጋጅ የአድዋ ተራሮች ብቅ አሉ። የአፄ ዮሐንስ አራተኛ ኤርፖርት ለከተማው ቅርብ ስለሆነ እዚያ ብዙ አትደክሙም።

በጦርነቱ ያ ኤርፖርት ጉዳት ደርሶበት በረራው ለዓመታት ተቋርጦ ነበር፤ አገልግሎቱ የቀጠለው በሰኔ 2016 ነው። ስለዚህ በእኔ ጊዜ የነበረውን ቀጥታ መስመር ይዛችሁ አትነሱ፣ ከመሄዳችሁ በፊት አጣሩ። ከሌለ በአዲስ አበባ መዞር ነው፤ ያኔ ቀኑ ሁሉ ያልቃል፣ በተለይ ሽማግሌ ይዛችሁ ከሆነ አንድ ቀን ጨምሩ።

ከሆቴል ወጥተን ሆቴል እስክንገባ አራት ሰዓት ገደማ ፈጀብን። እማዬ ክፍል እንደገባን ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ጋቢውን ፈታች። ጠበሉ ጠብ አላለም።