ኦፒኔል ቁጥር 8፦ ባለቤቱ ራሱ የሚጠግነው ሰንጢ

ኦፒኔል ቁጥር 8 አምስት ክፍሎች ብቻ አሉት፦ ስለቱ፣ የእንጨት እጀታው፣ ሁለቱን የሚያያይዘው ዘንግ፣ በእጀታው አናት ላይ የተገጠመው ቋሚ ቀለበት እና በእሱ ላይ የሚዞረው የመቆለፊያ ቀለበት። ሞላ የለውም፣ ብሎንም የለውም። ብዙ ሰው የሚወድለት መልኩንና ቅለቱን ነው፤ ትልቁ ብቃቱ ግን የሚበላሽበት ነገር ማነሱ ነው። ቢበላሽም አብዛኛው ቤት ውስጥ ይስተካከላል።

ሰንጢው የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1890 በፈረንሳይ ሳቯ ግዛት፣ በጆዜፍ ኦፒኔል እጅ ነው። የሚዞረው ቀለበት የተጨመረው በ1955 ሲሆን፣ ከ2000 ወዲህ ስለቱ ታጥፎ ሳለም ይቆልፋል። ይህ መቆለፊያ በራሱ አይሠራም። ስለቱን በከፈቱ ቁጥር ቀለበቱን ማዞር ግድ ነው፤ የረሳ ሰው ጫፉን ሲጫን ስለቱ በጣቱ ላይ ሊታጠፍበት ይችላል። በአንድ እጅ የሚከፈት ሰንጢ ለሚፈልግ ሰው ይህን አንመክርም።

የ8.5 ሴንቲሜትሩ ስለት በሁለት ዓይነት ብረት ይመጣል። ኤክስሲ90 የሚባለው ካርቦን ብረት ድንጋይ ላይ ቶሎ ይሳላል፤ ነገር ግን ሎሚ ወይም ቲማቲም ቆርጠው ሳያብሱ ካስቀመጡት ይዝጋል። ሲቆይ የሚይዘው ግራጫ ሰማያዊ ቀለም ዝገት ስላልሆነ አይፈግፍጉት፤ እንዲያውም ብረቱን በመጠኑ ይከላከልለታል። መወገድ ያለበት ቀዩ ነው፤ እሱም ጠብታ ዘይት ባረፈበት ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይለቃል። ሁለተኛው የማይዝገው ብረት ሲሆን መሳሉ ትንሽ ተጨማሪ ትዕግሥት ይጠይቃል። ፍራፍሬ ለሚልጥ፣ ውሃ ዳር ለሚውል ወይም ቢላ ማበስ ለሚሰንፍ ሰው የሚሻለው ይኸኛው ነው።

የዚህ ሰንጢ እውነተኛ ድካም እንጨቱ ነው። እርጥበት ሲጠጣ ያብጥና ስለቱን ቆንጥጦ ይይዘዋል። በጥፍር እየጎተቱ አይታገሉት። ቀለበቱን ክፍት አድርገው የእጀታውን የኋላ ጫፍ በጠንካራ ነገር ላይ ጠቅ ጠቅ ቢያደርጉት ስለቱ ብቅ ይላል። ከዚያ ከፍተው አየር በሚያገኝበት ቦታ ለጥቂት ቀናት ያድርቁት፤ ፀሐይና ምድጃ እንጨቱን ይሰነጥቁታል። ደርቆም ከጠበቀ ባለ 240 (የሻካራነት ቁጥሩ ነው) ብርጭቆ ወረቀት በቀጭን ካርቶን ላይ አጥፈው ስለቱ የሚታጠፍበትን የእጀታ ስንጥቅ ውስጥ ግድግዳ በጥቂቱ ይሞርዱ፤ እየሞከሩ ነው የሚሄዱት፣ አብዝቶ የተሞረደ ስንጥቅ ስለቱን ያወላውላል። ለወደፊቱ በዘንጉ ዙሪያ ቫዝሊን ቀብተው በፀጉር ማድረቂያ እያሞቁ ወደ እንጨቱ እንዲሰርግ ያድርጉ። የምግብ ዘይት አይሆንም፤ ሲቆይ ይሻግትና ይጣበቃል። እጀታውን በተልባ ዘይት ማሸት ጥሩ ነው፤ ዘይቱን የነካው ጨርቅ ግን ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል ዘርግተው ያድርቁት። ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍና በዕቃ ማጠቢያ ማሽን ማጠብ ፈጽሞ አይገባም።

ለመሳል ባለ 1000 የውሃ ድንጋይ፣ ማለትም በውሃ እየረጠበ የሚሠራ ደቃቅ መሳያ ድንጋይ፣ አንድ ብቻ ይበቃል። ቀለበቱን ቆልፈው ስለቱን ወደ 20 ዲግሪ ያጋድሉ፤ ስለቱ 2 ሴንቲሜትር ወርድ ካለው ጀርባው ከድንጋዩ 7 ሚሊሜትር ያህል ይነሳል ማለት ነው። በአንዱ ጎን ብቻ፣ ከተረከዙ (ለእጀታው ከሚቀርበው የአፉ ክፍል) እስከ ጫፉ፣ በማዶው በኩል ቀጭን ሻካራ ጠርዝ እስኪወጣ ድረስ ይሳሉ። ይህን የሚለዩት አውራ ጣትን ከጀርባው ወደ አፉ በማንሸራተት ነው፤ በአፉ ርዝመት ጣት አይሄድም። ብዙዎች ስለው ስለው ስለቱ አልሳል የሚላቸው ሻካራው ጠርዝ ሳይወጣ ጎን ስለሚቀይሩ ነው። ጠርዙ በሙሉ ርዝመቱ ሲሰማ ሌላውን ጎን እንዲሁ ያድርጉ፤ ከዚያ ጫናውን እየቀነሱ ጎን እያፈራረቁ ይጨርሱ። በመጨረሻ ጀርባውን እያስቀደሙ በቆዳ ቀበቶ ላይ በየጎኑ አሥር ጊዜ ያህል ይጎትቱት። የተንጠለጠለ ወረቀት ሳይቀድ ከቆረጠ በቂ ነው።

ሁለት ቦታዎች ያስቸግራሉ። ወደ ጫፉ ሲቃረቡ እጀታውን ትንሽ ከፍ ካላደረጉ ጫፉ ይደንዛል። በተረከዙ በኩል ደግሞ ቀለበቱ ከድንጋዩ ጋር ይጋጫል፤ ስለዚህ ቀለበቱ ከድንጋዩ ጠርዝ ውጭ እንዲሆን አድርገው ይያዙ፣ አለዚያ ተረከዙ ሳይሳል እየቀረ ከዓመታት በኋላ አፉ ይጎብጣል። በሞተር መሳያ አያስስሉት። ስስ ብረት ቶሎ ይግላል፤ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ጥንካሬው ሄዷል፣ እዚያ ቦታ ላይ ስለት አይዝም።

መቆለፊያው ከላላ በቀለበት መፍቻ ፒንሳ በስሱ ከፍተው ያውጡት፣ በፒንሳ ጥቂት ጨምቀው ይመልሱት። አብዝቶ የተከፈተ ቀለበት ውጥረቱን ስለሚያጣ ለመውጣት ያህል ብቻ ይክፈቱት። ስለቱ ወደ ጎን የሚነቃነቅ ከሆነ የዘንጉን አንድ ጫፍ ወፍራም ብረት ላይ አስደግፈው ሌላውን በትንሽ መዶሻ በቀስታ ይምቱት፤ ከሁለት ሦስት ምት በኋላ እየከፈቱና እየዘጉ ይሞክሩ።

ስለቱ ስስ በመሆኑ ቆርቆሮ ለመፈልቀቅ የሞከረ ሰው ጫፉን ይሰብራል። የተሰበረ ጫፍ የሚስተካከለው ጀርባውን ወደ አፉ እየሞረዱ ነው። ከአፉ በኩል ከሞረዱት አዲሱ ጫፍ ወደ ጀርባው ይጠጋና ሰንጢው ሲታጠፍ ከእጀታው ውጭ ይቀራል፤ እንዲህ ያለ ሰንጢ ኪስ ውስጥ አይያዝም። እንጨቱ በቀለበቱ ሥር ከተሰነጠቀ ግን ሙጫ ብዙም አይረዳም፤ የስለቱ ጫና ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነውና ሌላ መግዛት ይሻላል።