ባንድ ኤንድ ሉፕ፦ ያለ ጊዜው ለተነቀለ የወተት መንጋጋ ቦታ ጠባቂ

የልጅ የወተት መንጋጋ ሲነቀል «ይተካል» ተብሎ ይታለፋል። መተካቱስ ይተካል፤ ግን የሁለተኛው የወተት መንጋጋ ተተኪ የሚወጣው ከ10 እስከ 12 ዓመት ላይ ነው። በ7 ዓመቱ የተነቀለበት ልጅ ክፍተቱን ይዞ 3 ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል። በ6 ዓመት ገደማ የበቀለው ቋሚ መንጋጋ ደግሞ ወደ ፊት ያጋድላል፤ ቦታው በብዛት የሚጠበውም በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ነው። ተተኪው ያኔ ወይ ድድ ውስጥ ይቀራል፣ ወይ ከመስመር ወጥቶ ይደረባል።

ባንድ ኤንድ ሉፕ ይህን ለመከላከል የሚሠራ ነው፦ የኋለኛውን ጥርስ የሚያቅፍ የስቴንለስ ስቲል ቀለበት፣ ከእሱ ተበይዶ ፊተኛውን ጥርስ የሚነካ 0.9 ሚሊ ሜትር ሽቦ። በመጀመሪያው ቀጠሮ ቀለበቱ ይለካል፣ የአፍ ልክ ይወሰዳል፤ በሁለተኛው በግላስ አዮኖመር (የጥርስ ማጣበቂያ ሲሚንቶ) ይጣበቃል። ሲጣበቅ ምራቅ ከነካው ቶሎ ይላቀቃል። ሽቦው ተተኪው በመሃሉ እንዲያልፍ ሰፊ፣ ከድዱም 1 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ያለ ይሁን፤ ከተጫነ ድድ ውስጥ ይሰምጣል።

በአንድ በኩል አንድ መንጋጋ ብቻ ለጎደለበት ልጅ ምርጫችን ይኸው ነው። እየወለቀ የሚገባው የቦታ ጠባቂ ዓይነት ለማጽዳት ይቀላል፤ ግን ልጁ ምሳ ሲበላ አውልቆ በሶፍት ይጠቀልለውና ከቆሻሻ ጋር ይጣላል።

ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። አያኝክም፣ ከላይ ያለው ጥርስ ወደ ክፍተቱ እንዳይወርድም አያግድም። ሽቦው የተደገፈበት የወተት ጥርስ ከወደቀ ሥራው አበቃ፤ ሌላ መሠራት አለበት። ከሁሉ በላይ፣ የተደራረበ ጥርስ አያስተካክልም፤ ያለውን ቦታ ይጠብቃል እንጂ አዲስ ቦታ አይፈጥርም። መደራረቡ ቀድሞ ካለ የኦርቶዶንቲስት (ጥርስ የሚያስተካክል ሐኪም) ጉዳይ ነው።

ከመክፈልዎ በፊት ራጅ ይጠይቁ። የተተኪው ሥር ሁለት ሦስተኛው ከተሠራና ከላዩ አጥንት ካልቀረ በቅርብ ይወጣል፤ ገንዘብዎን ይያዙ። በታችኛው የጥርስ ረድፍ ግራና ቀኝ መንጋጋ ከጎደለ በምላስ በኩል የሚዞረው የሽቦ ቅስት ይሻላል፤ እሱም አራቱ የፊት ቋሚ ጥርሶች ከወጡ በኋላ ነው፣ ከወተት ጥርሶቹ ኋላ፣ በምላስ በኩል ስለሚበቅሉ ቀድሞ የተገጠመ ሽቦ ይዘጋባቸዋል።

ከተገጠመ በኋላ ማስቲካና የሚያጣብቅ ከረሜላ ይቅር፤ በየ3 እስከ 6 ወሩ ይታይ። የላላ ቀለበት ሥር ምግብ ገብቶ ጥርሱን ያበሰብሳል። ከወለቀ ይዘው ይምጡ እንጂ ቤት ውስጥ በሱፐር ግሉ አይለጥፉት። የተተኪው ጫፍ ከድድ ብቅ ሲል ሐኪሙ ቀለበቱንና ሽቦውን ያውጣ።