የካርድ ማሽን ልትገዙ ነው? ፕሌቱን ብርሃን ላይ ሳትይዙ ብር እንዳትልኩ

እንቁጣጣሽ ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ቴሌግራሙን ሁሉ "የካርድ ማሽን ከነሙሉ ዕቃው" የሚል ማስታወቂያ ሞልቶታል። ማሽኑ የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ ወረቀት በቅርጽ የሚቆርጥ ነው፤ ፕሌት የሚባለው ወረቀቱ ሲቆረጥ ከላይና ከታች የሚገባው የፕላስቲክ ሰሌዳ ነው። ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ሱቅ፣ ከፊት ፊኛና የልደት ጌጥ፣ ከኋላ የዳይ (ወረቀቱን በቅርጽ የሚቆርጠው ባለ ስለት ብረት) ፓኬት የተሰቀለበት። ዋጋ "በውስጥ መስመር"። ስትደርሱ "ለእርስዎ ብዬ ነው እንጂ"፤ ቀጥሎ "የቀረችው ይቺ አንዷ ናት፣ ጠዋት አንዲት ሴትዮ ቀብድ ልታስይዝ ነበር"። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ትናንት 14,500 ብር አስተላልፌ ወጣሁ። ዛሬ ልመልስ ሄጄ የሆነውን ሳይበርድልኝ ልጻፈው።

የገዛሁት በእጅ የሚዞር ማሽን (የሮለሩ አፍ 15 ሴንቲ ሜትር)፣ አራት የጠርዝ ዳይና ሃያ ፍሬ "ባለ 250 ግራም" የተባለ (የአንድ ካሬ ሜትሩ ክብደት ማለት ነው) ኤ4 ወረቀት ነው። ደረሰኝ ስጠይቅ "በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ይጨመራል" አለኝ። እንግዲያው ይቅር አልኩ። ይህችን ያዙልኝ።

መቼም ታውቁታላችሁ፣ የሚቆርጠው ግፊቱ ነው። ከታች መደቡ፣ በላዩ አንድ ፕሌት፣ ዳዩ ስለቱ ወደ ላይ ሆኖ፣ ወረቀቱ፣ ከላይ ሌላው ፕሌት። ድርብርቡ በሁለቱ ሮለሮች መሃል ሲያልፍ ውፍረቱ ከክፍተቱ ጋር ልክ ካልገጠመ ዋጋ የለውም። የዚህ ማሽን ፕሌቶች እያንዳንዳቸው 3 ሚሊ ሜትር መሆን አለባቸው። አንድ ሚሊ ከጎደለ ስለቱ ወረቀቱ ላይ አስምሮ ብቻ ያልፋል፤ ከበዛ ደግሞ ማዞሪያው ይነክሳል፣ አልዞር ይላል፣ በግድ ስታዞሩት የውስጡ ጥርስ ይበላል።

ሱቅ ውስጥ ሲያሳየኝ እንደ ቅቤ ነበር የቆረጠው። አሁን ሳስበው ሁለት ነገር ዓይኔ እያየ አልፎኛል። አንደኛ፣ የሞከረው በተራ የፕሪንተር ወረቀት ነው፤ 80 ግራም። እሱንማ የደከመ ዳይም ይቆርጠዋል። ሁለተኛ፣ ፕሌቶቹን ከካርቶኑ ውስጥ አላወጣም፤ ከጠረጴዛው ሥር ነው የሳባቸው። "ካርቶኑ እንዳይበላሽብዎት ብዬ ነው" አለኝ። እኔም አመሰገንኩት! ብሩን በስልኬ እያስተላለፍኩ አንገቴን ደፍቼ ሳለ ረዳቱ ዕቃውን አሽጎ፣ በፕላስተር ጠቅልሎ፣ በፌስታል ከቶ አቀበለኝ።

ማታ ስከፍተው አንዱ ፕሌት ጎብጧል፣ በስለት ምልክትም ተተልትሏል። ሁለተኛው ደግሞ የማሽኑ ፕሌት አይደለም። በማስመሪያ ስለካው 2 ሚሊ፣ ጠርዙ በመጋዝ የተቆረጠና ሻካራ። የማስታወቂያ ሠሪ ቤት ትርፍራፊ መስተዋት መሰል ፕላስቲክ ነው። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ፦ የማሽኑ ፕሌት ሲጨነቅ ይጎብጣል፣ ይህኛው ግን ይሰበራል። የጎደለውን አንድ ሚሊ ለመሙላት ሦስት ወረቀት ደርቤ ሞከርኩ (የ250 ግራም ወረቀት አንዱ ወደ 0.3 ሚሊ ይሆናል፣ ሦስቱ ሲደመሩ ሊሞሉት ይገባል)። ግማሹን እንዳለፈ ጧ ብሎ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰነጠቀ።

እንግዲህ ዛሬ ጠዋት። ስገባ ትናንት "እርስዎ" ያለኝ ልጅ ቀና ብሎ አላየኝም። የተተለተለውን ፕሌት ተቀበለኝና ወደ መስኮቱ አንስቶ ብርሃን ላይ ያዘው። ገለበጠው። ከዚያ ለረዳቱ አሳየውና "ይኸው፣ ስትቆርጥበት አድራለች" አለ። ወደ እኔ ዞሮ፦ "እህቴ፣ ያገለገለ ዕቃ አንመልስም።" ትናንት እርስዎ፣ ዛሬ አንቺ።

እኔም ጣቴን ምልክቱ ላይ አደረግሁ። ፕሌት የገዛ ታሪኩን ይናገራል፤ ስለቱ የነካው ሁሉ ቅርጹን ትቶ ነው የሚያልፈው። የተተለተለው በልብ ቅርጽ ነበር፤ ትልቅ ልብ፣ ትንሽ ልብ፣ አንዱ በአንዱ ላይ፣ ከሃያ የማያንስ። "እኔ የገዛሁት አራት የጠርዝ ዳይ ነው፣ አራቱም ረጃጅም ናቸው። የልብ ዳይ ሸጠህልኛል?" አልኩት። ዝም አለ። እንደተያዘ ገባኝ፤ አሁንማ ያፍራል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ፈገግ አለና "እሱ የማሽኑ አይደለም፣ ያንቺ ልብ ነው የተቆረጠው" አለ። ረዳቱ ሳቀ። ፊኛ ልትገዛ የቆመች ልጅም ሳቀች። ፕሌቱን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አድርጎ "ደረሰኝ ካለሽ አምጪ" ሲለኝ የምመልሰው ጠፋኝ። የእጄን ነው ያገኘሁት፤ 15 በመቶ አተርፋለሁ ብዬ መቶውን አስረከብኩ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የተሸጠለት ሸማች ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ እንዲል መብት ሰጥቶታል፤ ያለ ደረሰኝ ግን ከእሱ እንደገዛሁ በምን ላሳይ?

ፕሌቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሌላ ገዝቼ ዝም እል ነበር። ዳዮቹን ስሙ። ማስታወቂያው ላይ "15 ሴንቲ ሜትር፣ ለኤ6 ካርድ ልክ" ይላል። የኤ6 ካርድ ቁመቱ 148 ሚሊ ነው። ዳዩን ከስለት እስከ ስለት ስለካው 140 ሚሊ ወጣ። የተሠራው ለአሜሪካኖቹ ካርድ ነው፤ የእነሱ መጠን 108 በ140 ነው። ስለዚህ ካርዳችሁ ጠርዝ ላይ 8 ሚሊ ሳይቆረጥ ይቀራል። ንድፉ የሚደጋገም ከሆነ ዳዩን አንሸራትቶ፣ የመጨረሻውን አበባ ከተቆረጠው ላይ አግጥሞ ደግሞ ማሳለፍ ይቻላል። ከአራቱ ሦስቱ ግን ጫፋቸው በቅጠል የሚዘጋ ነው፤ መቀጠል የለም። ያለው ምርጫ ካርዱን ራሱን ወደ 140 ማሳጠር ነው፤ ያኔ ፖስታው ውስጥ ይንቀጫቀጫል።

አደይ የምትመስለው አበባ ያለችበት አራተኛዋ ዳይ ደግሞ ጎብጣለች። መስተዋት ላይ አስቀምጬ ጫፏን ስነካው ሌላኛው ጫፍ ይነሳል። ዳይ የሚጎብጠው ከጎበጠ ፕሌት ጋር ደጋግሞ ሲያልፍ ነው፤ እንግዲህ "አዲስ" የተባለችው ይቺ ስንት ጊዜ እንደቆረጠች ገምቱ። መሃሏ ይቆርጣል፣ ዳርና ዳሯ ላይ ወረቀቱ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ በእጅ ስትስቡት ቅጠሉ ይቀደዳል።

"ከአንድ ኤ5 ወረቀት ባለ ሁለት በር ካርድ ይወጣል" ያለኝም ውሸት ነው፤ ከመሃል ወደ ግራና ቀኝ የሚከፈተውን ካርድ ማለቱ ነው። ጠርዙ ያልተቆረጠ ተራ በር መሥራት ይቻላል፤ የኤ5ን 210 ሚሊ 52.5 ላይና 157.5 ላይ ማጠፍ ነው። በሮቹን በጠርዝ ዳይ ስትቆርጡ ግን የንድፉ ጥልቀት ከየበሩ ላይ ይቀነሳል፣ መሃሉ ገርበብ ብሎ ይቀራል። እንዲገጥም በሩ እያንዳንዱ 57 ሚሊ ያህል ይሁን፤ 57 ሲደመር 105 ሲደመር 57፣ 219 ሚሊ። ይህ ከኤ5 አይወጣም፤ ኤ4ን 148 በ219 አድርጎ መቁረጥ ያስፈልጋል። መጀመሪያ 57 ላይና 162 ላይ የማጠፊያውን መስመር አስምሩ፣ ከዚያ ወረቀቱ እንደተዘረጋ ጠርዙን ቁረጡ፣ መጨረሻ ላይ እጠፉ። አጥፎ ማሽን ውስጥ የሚያስገባ ሰው ሁለቱንም ሽፋን ቆርጦ እጥፋቱን ይጨፈልቃል።

ወረቀቱማ ሳቅ ነው። የኤ4 ወረቀት 250 ግራም ከሆነ አንዱ 15.6 ግራም ይመዝናል፤ አሥሩ 156። የእኔን አሥር ፍሬ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ሳስቀምጥ 112 አለ። 180 ግራም ወረቀት ነው የተሸጠልኝ። ለላይኛው ጌጥ ይሆናል፤ ለካርዱ ወገብ ግን አይሆንም፣ ስታቆሙት ይጎነበሳል። ሲታጠፍም ቀለሙ እየተሰነጠቀ ነጩ ይታያል፣ ምክንያቱም እጥፋቱ የወረቀቱን ጭረት (ክሮቹ የተዘረጉበትን አቅጣጫ) ያቋርጣል። ወረቀቱን በቁመትም በወርድም ቀስ ብላችሁ አጎንብሱት፤ በቀለላችሁ አቅጣጫ ነው መታጠፍ ያለበት።

የሱቁን ስም ያልጻፍኩት ደረሰኝ ስለሌለኝ ነው።

ግዴላችሁ ልገዛ ነው የሚል ካለ፦ ማስመሪያና የራሳችሁን ወፍራም ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ከካርቶኑ በወጣው ፕሌት ይቁረጥ፤ ከጠረጴዛ ሥር በወጣው አይደለም። ሁለቱን ደርቡና ለኩ፣ 6 ሚሊ። ዳዩን ትንሽ አጋድማችሁ አስገቡት፤ ረጅሙ ጎኑ ከሮለሩ ጋር ትይዩ ከሆነ ግፊቱ ሁሉ በአንዴ ያርፍበታል፣ ደህናው ማሽንም ይነክሳል። ካርቶኑ ሲታሸግ ደግሞ ስልካችሁን ኪሳችሁ አድርጉና የረዳቱን እጅ እዩ።