«እስከ 2 ኢንች ያጥፋል» ያልከኝ ሻጭ፣ 45 ሚሊሜትሩስ?

የገዛሁት በእጅ የሚሠራ የሃይድሮሊክ ቱቦ ማጠፊያ ነው። ባለ 12 ቶን፣ ከግማሽ ኢንች እስከ 2 ኢንች ስድስት ፎርማ (ቱቦው የሚቀመጥበት ቦይ ያለው ማጠፊያ ብረት) ያለው። ከበጋው ጀምሮ አብረን ነን። ስለ እሱ የምለው ብዙ ነው፤ አብዛኛውም ደስ አይልም። ክብ ቱቦ ያስገቡለታል፣ ሞላላ ያወጣል።

ለበረንዳ ብረት ብገዛው ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። እኔ ግን እዚሁ ጅማ፣ ግቢያችን ውስጥ ቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ አንድ አሮጌ ዲኤክስ ወደ ውድድር መኪና እየቀየርኩ ነው። ወንበሩ ወጥቷል፣ ምንጣፉ ተገፏል። ቀጥሎ የሚገባው ሮል ኬጅ ነው፤ መኪናው ሲገለበጥ ጣሪያው ነጂው ላይ እንዳይወርድ ከውስጥ የሚይዘው የቱቦ ክፈፍ ማለት ነው። እናቴ እስካሁን ለጠየቃት ሁሉ «የዶሮ ቤት እየሠራ ነው» ነው የምትለው።

ሻጩ ዋሽቷል አልልም። «እስከ 2 ኢንች ያጥፋል» አለ፤ እውነቱን ነው፣ ያጥፋል። የውሃ ቧንቧ! የውሃ ቧንቧ ደግሞ በሚጠራበት ኢንች አይለካም። 1 ኢንች የሚባለው ውጭውን በካሊፐር፣ በዚያ ውፍረትን ጨብጦ በሚለካው መሣሪያ፣ ብትይዙት 33.7 ሚሊሜትር ነው። 1 ኢንች ከሩቡ 42.4፣ 1 ኢንች ተኩሉ 48.3፣ 2 ኢንቹ 60.3። ፎርማዎቹም የተቀረጹት በእነዚሁ ልክ ነው።

አሁን ደግሞ የዓለም አቀፉን የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ደንብ አምጡ። አባሪ ጄ፣ አንቀጽ 253። ከነጂው ጀርባ የሚቆመው ዋናው ቅስት ወይ 45 በ2.5 ሚሊሜትር (የውጭ ዲያሜትሩ 45፣ የግድግዳው ውፍረት 2.5 ማለት ነው)፣ ወይ 50 በ2 ይሁን ይላል። የቀረው ክፍል 38 በ2.5 ወይም 40 በ2። ሁለቱን ዝርዝር ጎን ለጎን አስቀምጧቸው እስቲ። 45ቱ 42.4 ውስጥ አይገባም፣ 48.3 ውስጥ ይንቀዋለላል። 50ውን 48.3 አይቀበለውም፣ 60.3 ይውጠዋል። 38ም 40ም ያው ናቸው። ከስድስቱ ፎርማ አንዱ እንኳ ለሮል ኬጅ ቱቦ ልክ አይደለም። አንዱም!

«ወንድሜ፣ 3 ሚሊ ምን ታመጣለች?» ትለኝ ይሆናል። ልንገርህ። ይህ ማሽን የሚሠራው በመግፋት ነው። ቱቦው ሁለት ሮለር ላይ ይደገፋል፣ ጃኩ ፎርማውን ከመሃል ይገፋዋል። ቱቦው ሲታጠፍ ወደ ጎን መስፋት ይፈልጋል። ፎርማው ልክ ከሆነ ጎኑን ጨብጦ ይከለክለዋል። ሦስት ሚሊ ክፍተት ካገኘ ግን እዚያችው ውስጥ ይሰፋል፤ በሰፋው መጠን ደግሞ በሌላው በኩል ይጠፈጠፋል። የእኔ 45 ሚሊ ቱቦ ከመጀመሪያው መታጠፊያ ሲወጣ ስለካው በአንድ በኩል 48.5፣ በሌላው 40 ሆነ። አነስተኛውን ለትልቁ ሲያካፍሉት 0.82 ይመጣል። ደንቡ ከ0.9 በታች አይፈቅድም። በዚያ ላይ የመታጠፊያው ውስጠኛ ጎን እንደ ረገጡት ሃይላንድ ጭምድድ ብሎ ነበር። መኪና ሲገለበጥ ክፈፉ መጀመሪያ የሚሰበረው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው። ሰው ከሥሩ ይቀመጣል እኮ፣ ጌታዬ!

ቱቦውስ ነጻ መጣ እንዴ? ሂርማታ አካባቢ ያሉ ብረት ቤቶችን ዞርኩ። የሚሸጡት የበርና የመስኮት ቱቦላሬ ነው። ስስ ነው፤ ጣት ወደ ውስጥ ሲሰዱ የብየዳው መስመር ይዳሰሳል። ደንቡ የሚፈልገው ስፌት የሌለው በቀዝቃዛ የተሳበ ቱቦ ስለሆነ ከአዲስ አበባ ማስጫን ግድ ሆነ። በጊቤ በኩል 350 ኪሎ ሜትር አካባቢ ተጉዞ፣ አይሱዙ ላይ ከሲሚንቶ ጋር ታስሮ ደረሰ። ዋናው ቅስት ከአንድ ወጥ ቱቦ ነው የሚወጣው፤ ቀጣጥሎ መበየድ የለም። ስለዚህ የመጨረሻዋ መታጠፊያ ከተበላሸች ያለፉትም አብረው ሄዱ። ባለ 6 ሜትሩ ቱቦ እንዲህ ሆኖ የእናቴ የልብስ ማስጫ ሆኗል።

ምክር ደግሞ በነጻ ነው። አንዱ «አሸዋ ሙላበት» አለ። ሞላሁት፣ ሁለቱንም ጫፍ በእንጨት ወተፍኩ። ጭምድዱ ጠፋ፤ ልኩ ግን 0.88 ላይ ቆመ። ሌላው «በእሳት አሙቀው» አለ። ይህን አትሞክሩ። ደንቡ በቀዝቃዛው ይታጠፍ ይላል፤ ደንቡ ባይልም በጅማ ክረምት የደረቀ አሸዋ የለም። የታሸገ እርጥብ አሸዋ ሲግል እንፋሎቱ ውታፉን እንደ ጥይት ያስወነጭፈዋል።

ያዳነኝ ቶርኖ ቤት ነው። ጋሼ ቶርኖ (ሰፈሩ እንዲህ ነው የሚጠራቸው) የፋብሪካውን ፎርማ አገላብጠው አዩና «ይሄ ለቧንቧ ሠራተኛ ነው ልጄ» አሉኝ። ሻጩ ያልነገረኝን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። ከወፍራም ብረት አዲስ ፎርማ ቀረጹልኝ፤ ቦዩ ልክ 45፣ የቱቦውን ግማሽ አካል የሚውጥ። የመታጠፊያውን ሬዲየስ ከ135 ሚሊሜትር በላይ አደረግነው፤ ከቱቦው የውጭ ዲያሜትር ሦስት እጥፍ በታች ክልክል ነው። ሮለሮቹንም አውጥተን ቱቦውን በሰፊው የሚያቅፉ ድጋፎች አስገባን። እንደገና ገፋሁ። ካሊፐሩ 46.5 በ43.5 አለ። 0.94! ገላው ልሙጥ፣ ያለ አንድ ሽብሽብ። ያን ቀን ማሽኑን ልሳመው ምንም አልቀረኝም።

ግን ሒሳቡን እንየው። ለፎርማውና ለድጋፎቹ የከፈልኩት የማሽኑን ዋጋ እኩሌታ ነው። የማሽኑን ዋጋ አልናገርም፣ ባለቤቴ ታነባለች። አሁን ከሻጩ ዕቃ የምጠቀመው ጃኩንና ፍሬሙን ብቻ ነው። ስድስቱ ፎርማ ካርቶናቸው ውስጥ ዝገት እየጠጡ ነው።

ጃኩን ግን አላማውም። ዘይት አላንጠባጠበም። መብራት ሲጠፋ የብየዳ ማሽኑ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፣ ይሄኛው ይሠራል። የሰፈር ባጃጅ ነጂዎችም ለጣሪያቸው ቀጭን ብረት ሊያስጎብጡ ይመጣሉ፤ እነሱ ስለ 0.9 ጠይቀውኝ አያውቁም፣ ደስተኞች ናቸው።

ታዲያ ይገዛል ወይ? ቧንቧ ሠራተኛ ከሆናችሁ፣ አዎ። ለሮል ኬጅ ከሆነ ቱቦውን ከጎን ጨብጦ እያዞረ የሚያጥፈውን ዓይነት ፈልጉ፤ ውድ ነው፣ ግን አንድ ሁለት ቱቦ ስታበላሹ ልዩነቱ ይጠብባል። «እስከዚህ ኢንች ያጥፋል» የሚለውን ወሬ ተዉትና ካሊፐር ይዛችሁ የፎርማውን ቦይ ራሳችሁ ለኩ። ሻጩ ቢቆጣም ለኩ። እኔ ዛሬ ብጠየቅ ድጋሚ አልገዛውም እላለሁ፤ ያ 0.94 የወጣ ዕለት ብትጠይቁኝ ኖሮ ሌላ መልስ ነበረኝ።

ዋናው ቅስት ቆሟል። እግሮቹ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ባላቸው ላሜራዎች ላይ፣ እያንዳንዳቸው በሦስት ባለ 8 ሚሊ ቡሎን ይታሰራሉ። ቡሎኑ ራስ ላይ 8.8 የሚል የጥንካሬ ምልክት ካልተጻፈ አልቀበልም። የፊተኛው ክፍል ቱቦ ባለ 38 ነው፤ ለእሱ ደግሞ ሌላ ፎርማ ያስፈልጋል። ጋሼ ቶርኖ ለሚመጣው ሳምንት ቀጥረውኛል፤ ቀብድ ተቀብለዋል።