ሃርድ ዲስክ፣ ሳታ ወይስ ኤንቪኤምኢ? ቶሎ የሚነሳ ላፕቶፕ ለሚፈልግ ገዢ

ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ሱቅ ገብቼ ያገለገለ ላፕቶፕ ጠየቅሁ። ሻጩ ክዳኑን ከፈት አድርጎ «ይኸው፣ ሁለት ሰከንድ!» አለኝ። ላፕቶፑ ግን ከእንቅልፉ ነቃ እንጂ አልተነሳም። «እስቲ ሪስታርት ያድርጉልኝ» አልሁት። በርጩማ ስቦ ሰጠኝ፤ ነገሩን ያውቀዋል ማለት ነው። በስልኬ ለካሁ፤ 94 ሰከንድ።

አጥፍቶ ማብራትም አያስተማምንም። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ያለው ፋስት ስታርትአፕ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ የዊንዶውስን ዋና ክፍል ዲስክ ላይ አስቀምጦ ሲበራ መልሶ ያነሳዋል። ሪስታርት ግን ሁሉንም ከባዶ ይጀምራል። ስለዚህ ሁለት ላፕቶፕ የምታወዳድሩ ከሆነ ሁለቱንም በሪስታርት ለኩ።

ትልቁ ልዩነት ያለው በሃርድ ዲስክና መረጃን በቺፕ ላይ በሚያስቀምጠው ኤስኤስዲ መካከል ነው። በላፕቶፕ የተለመደው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5400 ጊዜ ይሽከረከራል፤ አንዱ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃል። ዊንዶውስ ሲነሳ እጅግ ብዙ ትንንሽ ፋይሎችን ከየቦታው ስለሚለቅም የማንበቢያው ራስ ሲመላለስ ጊዜው ያልቃል። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የለውም። ሃርድ ዲስክ አሁንም የሚያዋጣው ፎቶና ፊልም ለማከማቸት ብቻ ይመስለኛል።

ኤስኤስዲ ከኮምፒውተሩ ጋር በሚገናኝበት መንገድ በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። ሳታ ኤስኤስዲ በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ያነባል፤ ፒሲአይኢ በተባለው ፈጣን የኮምፒውተር ውስጥ መስመር የሚሠራው ኤንቪኤምኢ በመስመሩ ሦስተኛ ትውልድ እንኳ ወደ 3500 ይደርሳል። ቁጥሩ ያማልላል፤ በማስነሳት ጊዜ ግን የሁለቱ ልዩነት ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሰከንዶች አያልፍም፤ ቀሪውን ጊዜ ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የኮምፒውተሩ ፕሮግራም)፣ ፕሮሰሰሩና አብረው የሚነሱ ፕሮግራሞች ይወስዱታል። ትልልቅ ቪዲዮ የምታቀናብሩ ካልሆነ፣ 4 ጊጋባይት ራም ካለው ባለ ኤንቪኤምኢ ላፕቶፕ ይልቅ 8 ጊጋባይት ያለውን ባለ ሳታ ውሰዱ። ዲስኩን ለብቻው የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ኤም ዶት ቱ የሚባለው ቀጭን ቅርጽ ለሁለቱም ዓይነት ይሠራል፤ አንዳንድ የቆዩ ላፕቶፖች ግን የሚቀበሉት ሳታውን ብቻ ነው።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ ቁልፎችን በአንድነት ተጫኑ። በሚከፈተው ታስክ ማናጀር ውስጥ ስታርትአፕ የሚለው ገጽ ላይ «ላስት ባዮስ ታይም» የሚል ቁጥር በአብዛኛው ይገኛል። እሱ 20 እና 30 ሰከንድ ከሆነ ችግሩ ከዊንዶውስ በፊት ነው፤ ዲስክ መለወጥ አያድነውም። እዚያው ገጽ ላይ አብረው የሚነሱት ፕሮግራሞች ስለሚዘረዘሩ የማትፈልጓቸውን አስቁሙ።

የሜክሲኮው ላፕቶፕ የባዮስ ጊዜው 4 ሰከንድ፣ ራሙም 8 ጊጋባይት ነበር። ጥፋቱ የሃርድ ዲስኩ ብቻ መሆኑ ስለታየኝ ዋጋውን አስቀንሼ ገዛሁት፤ ሳታ ኤስኤስዲም እዚያው አስገጠምሁ። አሁን በ17 ሰከንድ ይነሳል። አሮጌው ዲስክ ማቀፊያ ተገዝቶለት የቤተሰቡ ፎቶ ማስቀመጫ ሆኗል።