ባንድካምፕ፦ ከአሥር ዶላር ውስጥ ለሙዚቀኛው ስንት ይደርሰዋል?

ባንድካምፕ የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ የምመዝነው ከሁሉ በፊት በአንድ ጥያቄ ነው፤ ከከፈልኩት ገንዘብ ውስጥ ሙዚቃውን ለሠራው ሰው የሚደርሰው ስንት ነው? የገጹ ውበትም ሆነ የአጠቃቀሙ ምቾት ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በሚሠራው በዚህ አገልግሎት ሙዚቀኛው ወይም አሳታሚው የራሱን ገጽ ከፍቶ ዋጋውን ራሱ ይተምናል፤ ገዢው ከፈለገ ከተተመነው በላይ ጨምሮ ይከፍላል። የተገዛውን ሥራ በመተግበሪያው ከማዳመጥ አልፎ ጥራቱ ሳይቀነስ ወደ ኮምፒውተር ማውረድ ስለሚቻል፣ ወርሃዊ ክፍያ በተቋረጠ ቁጥር አብሮ የሚጠፋ ነገር የለም። ካሴቱ መሳቢያ ውስጥ እስካለ ድረስ ሙዚቃውም የእኛ እንደነበረ ለምናስታውስ ሰዎች ይህ እንግዳ አሠራር አይደለም።

ወደ ሒሳቡ ስንገባ፣ ድርጅቱ ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ፣ ከሸክላ፣ ከካሴትና ከቲሸርት ደግሞ 10 በመቶ ይወስዳል። የክፍያ ማስተላለፊያው ወጪ ከተቀነሰ በኋላ በአማካይ 82 በመቶ ያህሉ ለሻጩ እንደሚደርስ ድርጅቱ ራሱ ይገልጻል። እንግዲህ አሥር ዶላር የተከፈለበት አልበም 8 ዶላር ከ20 ሳንቲም ያህል ያስገኛል ማለት ነው። ሙዚቃን ሳይሸጡ በኢንተርኔት በሚያስደምጡት የስትሪሚንግ አገልግሎቶች ለአንድ ጊዜ መደመጥ በተለምዶ የሚጠቀሰው ግምት የአንድ ሳንቲም ሲሶ አካባቢ በመሆኑ፣ ያንኑ ገንዘብ ለማግኘት ዘፈኑ ከ2,400 ጊዜ በላይ መደመጥ ይኖርበታል፤ ለዚያውም የሚከፈለው ለባለመብቱ እንጂ በቀጥታ ለተጫዋቹ አይደለም። ከእነዚህ አገልግሎቶች ትልቁ ስፖቲፋይ ከ2024 ጀምሮ በ12 ወራት ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን ምንም የማይከፍል መሆኑ ሲታከልበት፣ የጀማሪው ሙዚቀኛ ድርሻ ባዶ ሊሆን ይችላል።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2020 የተመሠረተው የሙዚቀኞችና የተባባሪ ሠራተኞች ማኅበር ስፖቲፋይ ለእያንዳንዱ መደመጥ ቢያንስ አንድ ሳንቲም እንዲከፍል የጠየቀውም ከዚሁ የክፍያ ማነስ ተነሥቶ ነው። ይህንኑ ክፍያ ለማሻሻል ማኅበሩ የደገፈው ረቂቅ ሕግ በመጋቢት 2024 በአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ራሺዳ ታሊብና ጀማል ቦውማን ቀርቧል። ከማኅበሩ ጥያቄዎች መካከል እኔን ይበልጥ የሳበኝ ግን ስለ ገንዘብ የማያወራው ነው፤ በቀረጻው ላይ የደከመ ሁሉ ስሙ ይጠቀስ ይላል። በእኛ የካሴት ሽፋኖች ላይ የድምፃዊው ፎቶግራፍ ጎልቶ ሲወጣ፣ ቤዝ የተጫወተውና ከበሮ የመታው ሰው ስም ብዙ ጊዜ ከነጭራሹ ይቀር ነበር። («አጃቢ» የሚለው ቃላችንም ሰውዬው በራሱ ሙሉ ባለሙያ መሆኑን ሳያስረሳን አልቀረም።) ባንድካምፕ ለእነዚህ ስሞች ሰፊ ቦታ ሰጥቷል፤ ሆኖም መሙላቱን ለገጹ ባለቤት በጎ ፈቃድ ስለተወው አንዱ ገጽ የቀረጻ ባለሙያውን ሳይቀር ሲዘረዝር ሌላው ከአልበሙ ርዕስ አያልፍም።

የአገልግሎቱን ጥቅም በአንድ ሰው ታሪክ ማየት ይቻላል። የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ መርጊያ አሜሪካ ከቀረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ ኪቦርዶች ጋር አዋሕዶ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ፤ ከዚያም በዋሽንግተን ለዓመታት ታክሲ ሲነዳ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ አነስተኛ አሳታሚ ያንን ካሴት እንደገና ሲያወጣ ኃይሉ ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። ሥራዎቹ ዛሬ ባንድካምፕ ላይ ይሸጣሉ። ገጹ ግን የአሳታሚው ስለሆነ ገንዘቡ መጀመሪያ የሚደርሰው ለአሳታሚው ነው። ይህ አሳታሚ ትርፉን ከሙዚቀኞቹ ጋር እኩል እንደሚካፈል በይፋ ተናግሯል፤ በሌሎች ገጾች ግን ውሉ ምን እንደሚል ገዢው የሚያውቅበት መንገድ የለም። ስለዚህ 82 በመቶ የሚለው ቁጥር ሙሉ ትርጉም የሚኖረው ገጹ የሙዚቀኛው የራሱ ሲሆን ነው።

ለኢትዮጵያ ሙዚቀኞች ትልቁ እንቅፋትም እዚህ ላይ ይመጣል። ሻጩ ገንዘቡን የሚቀበለው ፔይፓል በተባለው የኢንተርኔት ክፍያ አገልግሎት ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የተከፈተ የፔይፓል ሒሳብ ደግሞ ገንዘብ ለመላክ እንጂ ለመቀበል አያገለግልም። አዲስ አበባ ተቀምጦ ሥራውን በራሱ ገጽ ለመሸጥ የሚያስብ ሙዚቀኛ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ወይም አሳታሚ ያስፈልገዋል፤ ከመካከለኛ ሰው ነፃ ያወጣል የተባለው አገልግሎት ለእሱ መካከለኛውን መልሶ ያመጣበታል።

ስለ ድርጅቱ ራሱ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ባንድካምፕ በ2022 ለቪዲዮ ጌም ሠሪው ኤፒክ ጌምስ ተሸጠ፤ ሠራተኞቹ በ2023 ድምፅ ሰጥተው የሠራተኛ ማኅበር አቋቋሙ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ድርጅቱ የሙዚቃ መጠቀሚያ ፈቃድ ለሚሸጠው ሶንግትሬደር ሲተላለፍ ግማሽ ያህሉ ሠራተኞች፣ ለድርድር የተመረጡት የማኅበሩ ተወካዮች በሙሉ ሳይቀሩ፣ ከሥራ ውጭ ሆኑ። ለሙዚቀኛው ጥሩ የሚከፍል ሱቅ ለራሱ ሠራተኛ ያን ያህል አለመሆኑ ከምሰጠው ነጥብ ላይ ያስቀንስብኛል። ሱቁ ነገ ባለቤቱን ሲቀይር 15 በመቶው 30 ቢሆን ሙዚቀኛውን የሚከላከልለት የጋራ ስምምነት እንደሌለም መዘንጋት የለበትም።

እንደዚያም ሆኖ ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ፤ ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ይህን ያህል በግልጽ የሚናገር ሌላ የሙዚቃ መሸጫ እስካሁን አላየሁም። መግዛት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ገጹ የማን እንደሆነ ይመልከት፤ ከቻለም ድርጅቱ የራሱን ድርሻ የሚተውበትን «የባንድካምፕ ዓርብ» ይጠብቅ። በመጋቢት 2020 የተጀመረው ይህ ቀን በየወሩ ስለማይኖር የሚውልበትን ዕለት ከድርጅቱ ገጽ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሰዓቱ የሚቆጠረው በካሊፎርኒያ በመሆኑ ዋሽንግተን ላይ ዓርብ ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ እንደ ወቅቱ ከረፋዱ 4 ወይም 5 ሰዓት ጀምሮ እስከ ቅዳሜ በዚያው ሰዓት ይቆያል።