ጉልበትህ የት አረፈ? የበረዶ ሆኪ በረኛ ትጥቄ ከ11 ወር በኋላ

የበረኛ ትጥቄን ከገዛሁት 11 ወር ሆነው። በሳምንት አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ ከጓደኞቼ ጋር እንጫወታለን። ዋንጫ የለም፣ አሰልጣኝም የለም። ፓኩ ግን ያው ፓክ ነው፤ ከ156 እስከ 170 ግራም የሚመዝን ጠጣር ጎማ። የሚመታው ሰው ለመዝናናት ስለመጣ አይለዝብም። ትጥቁን እስካሁን ከ70 ጊዜ በላይ ለብሼዋለሁ። አዲስ በረኞች ደግሞ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «የትኛውን ልግዛ?» የኔ መልስ ሁልጊዜ ከልክ ይጀምራል። ስለዚህ ስለ ምርቱ ስም ሳይሆን ሰውነቴ ላይ እንዴት እንደተቀመጠ ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያው የእግር ፓዴ፣ ማለትም ከጫማ እስከ ጭን የሚሸፍነው ወፍራም መከላከያ፣ አሁን ያለኝ አይደለም። ከሱ በፊት 35+2 የሚባል ልክ ነበረኝ። ያኔ ያሰብኩት እንዲህ ነው። ጎሉ 1.83 ሜትር ስፋትና 1.22 ሜትር ከፍታ አለው። የፓድ ስፋት በሕግ የተገደበ ነው፤ በብዙ ሊጎች ከ28 ሴንቲ ሜትር አያልፍም። ስለዚህ ስፋቱን መጨመር ካልቻልኩ ርዝመቱን ልጨምር አልኩ። የራሴን ቁመት ብቻ አይቼ፣ ሰንጠረዡ ላይ ከፍ ያለውን ልክ መርጬ ገዛሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለእንዲህ ያለ ግዢ ነው።

ስህተቱን ያሳየኝ ከኛ ጋር የሚጫወት አንድ የቆየ በረኛ ነው። ከጨዋታ በኋላ ሜዳው ሲለቀቅ ጠራኝና «እስቲ ቢራቢሮ ውረድ» አለኝ። ቢራቢሮ ማለት ሁለቱ ጉልበቶች በረዶው ላይ አርፈው፣ ባቶች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲዘረጉ ነው። ያኔ ፓዶቹ የጎሉን የታችኛውን ክፍል እንደ ግድግዳ ይዘጋሉ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ በረኛው ግሌን ሆል ያስተዋወቀው፣ በ80ዎቹ ደግሞ ሌላው በረኛ ፓትሪክ ሯ በሰፊው ያስለመደው አቋም ነው። ዛሬ ለመዝናናት የምንጫወተውም ሳንቀር ሁላችንም በሱ ነው የምንጫወተው።

ወረድኩ። «አሁን አትንቀሳቀስ» አለኝ። ጎንበስ ብሎ ጣቱን በፓዱና በእግሬ መሃል አስገባ። «ጉልበትህ የት እንዳረፈ አየኸው?» አለኝ። አየሁ። በፓዱ የውስጥ ጎን ለጉልበት የተሠራ ወፍራም ትራስ አለ። በረዶውን የሚነካው የሱ ጠርዝ ነው፤ ጉልበት ደግሞ ልክ መሃሉ ላይ መቀመጥ አለበት። የኔ ጉልበት ከትራሱ በታች፣ ባት ማረፍ ያለበት ቦታ ላይ ነበር። ከላይ ያለው የፓዱ የጭን ክፍል ደግሞ ከወዲያኛው ፓድ ጋር ተጋጭቶ ቆሟል። ስለተጋጩ ፓዶቹ ሙሉ ለሙሉ አልዞሩም። ስላልዞሩ ፊታቸው ወደ ተኳሹ አልቀናም፤ ከታች ከበረዶው ጋር ክፍተት ቀርቷል። ለሳምንታት ጠዋት ጠዋት የሚያመኝ ጉልበቴና ወገቤ ምክንያቱ ይሄው ነበር።

እና የልኩ ቁጥር ምን ማለት ነው? አሁን ያለኝ 33+1 ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የፓዱ መሠረታዊ ርዝመት በኢንች ነው። ከመደመር ምልክቱ በኋላ ያለው ከጉልበት በላይ ጭን ላይ የሚጨመረው ነው። ይህ ጭማሪ ስትወርዱ በእግሮቻችሁ መሃል የሚቀረውን ክፍተት ይዘጋል። የሆኪ ሰዎች «አምስተኛው ቀዳዳ» ይሉታል። ጭማሪው ካነሰ ቀዳዳው ይከፈታል። ከበዛ ደግሞ እኔ ላይ እንደደረሰው ሁለቱ ፓዶች ይጋጫሉ። ከሁሉም በላይ ግን ጉልበት የሚያርፍበትን ቦታ የሚወስነው የመጀመሪያው ቁጥር ነው። መጀመሪያ ጉልበት፣ ከዚያ ጭን። ቁመት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። አንድ ዓይነት ቁመት ያላቸው ሁለት ሰዎች የባት ርዝመታቸው በጣም ሊለያይ ይችላል።

ሁለተኛውን ፓድ ስገዛ ስኬቲንግ ጫማዬን ይዤ ሄድኩ። አጥልቄው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጉልበቴን 90 ዲግሪ አጥፌ ከወለሉ እስከ ጉልበቴ ሎሚ መሃል፣ ከዚያም ከጉልበቴ ሎሚ እስከ ጭኔ አጋማሽ አስለካሁ። አንዳንድ አምራቾች ልኬቱን የሚጀምሩት ከወለል ሳይሆን ከቁርጭምጭሚት ነው፤ የገዛችሁበትን አምራች መመሪያ ተከተሉ። አንዱ ጋ 33 የሆነው ሌላው ጋ የጉልበት ትራሱ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። ከዚያ ፓዱን አስሬ እዚያው ምንጣፍ ላይ አሥር ጊዜ ያህል ወረድኩ፣ ተነሳሁ። ሻጩ ትዕግሥተኛ ነበር፣ አመሰግነዋለሁ። እናንተም አትፈሩ። ቆሞ ብቻ የተሞከረ ፓድ አልተሞከረም።

አንድ ነገር ግን አስቀድሞ የነገረኝ አልነበረም። አዲስ ፓድ ደረቅ ነው። ከጫማው በላይ የሚታጠፍበት ቦታ ገና አልለሰለሰም። ስለዚህ በመጀመሪያው ወር ፓዱ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ጉልበቴ ከትራሱ መሃል ግማሽ ጣት ያህል ዝቅ ስትል አይቼ ደነገጥኩ፣ አሁንም ተሳሳትኩ ብዬ። በሦስተኛው ወር አካባቢ እጥፋቱ ለሰለሰ፣ ፓዱም ወረደ፣ ጉልበቴ መሃሉ ላይ ገባች። ከዚያ ወዲህ አልተነቃነቀም። ስትገዙ ይህችን ትንሽ መውረድ አስቡባት።

ፓዱን ከጫማው አፍንጫ ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያም ትልቅ ለውጥ አለው። ከፓዱ ጋር የመጣልኝ የቆዳ ክር ነበር። እኔም አጥብቄ፣ አሳጥሬ አሰርኩት፤ የጠበቀ ሁሉ የተሻለ ይመስለኝ ነበር። እንዲህ ሲታሰር ፓዱ ሊዞር ሲል ጫማውን ይዞ ይጎትታል፣ ጫማው ቁርጭምጭሚትን፣ ቁርጭምጭሚት ዳሌን። በአምስተኛው ወር በላስቲክ ቀየርኩት። ስወርድ ይለጠጣል፣ ስነሳ ይመልሰዋል። የዳሌዬ ሕመም በሁለት ሳምንት ውስጥ ሄደ። የባት ማሰሪያዎቹንም ላላ አድርጌያቸዋለሁ። ፓዱ እግሬ ዙሪያ መዞር አለበት፣ እንደ ፋሻ መጣበቅ የለበትም።

ወደ ማስክ ልሂድ። እዚህ ላይ ቀልድ አላውቅም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1959 የሞንትሪያል ካናዲየንስ በረኛ ዣክ ፕላንት፣ ኒው ዮርክ ላይ አንዲ ባዝጌት የመታው ፓክ ፊቱን ቀደደው። ተሰፍቶ ሲመለስ ማስክ ካላደረግሁ አልገባም አለ። አሰልጣኙ ማስክ አይወድም ነበር፣ ግን ሌላ ምርጫ አልነበረውም። በረኞች ፊታቸውን ሸፍነው መጫወት ልማድ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። እና ዛሬ በጎረቤት ቡድን ውስጥ የሚጫወት ሰው ከራሱ የሰፋ ማስክ አድርጎ ሳይ ያናድደኛል።

ልኩን እንዲህ አየሁት። አገጬ ማረፊያው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ግንባሬን ዙሪያውን እኩል ነካው፣ አንድ ቦታ ብቻ አልቆረቆረም። የኋላውን ማሰሪያ አስሬ ራሴን በኃይል ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቀነቅኩ። ማስኩ ከራሴ ጋር ሄደ፣ ብቻውን አልተንሸራተተም። ከዚያ ዓይኔን ብቻ ዝቅ አድርጌ እግሬ ሥር ያለውን ፓክ ፈለግኩ። ይሄ የመጨረሻው ሙከራ ይረሳል። የማስኩ የፊት ፍርግርግ ታች የሚደብቅባችሁ ከሆነ፣ ሰው ሲሻማ ፓኩ እግራችሁ ሥር ሆኖ ትፈልጉታላችሁ። የፍርግርጉ ቀዳዳ ደግሞ ሰፊ ሲሆን እይታው ያምራል፤ ግን የዱላ ጫፍ የሚያስገባ አለና የደህንነት ማረጋገጫ ያለውን ምረጡ።

በአራተኛው ወር አንድ ፓክ ከግራ ዓይኔ በላይ መታኝ። ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ ቆየ፣ ጭንቅላቴን ግን አላመመኝም። ቤት ስገባ ማስኩን መብራት ሥር ይዤ ዙሪያውን በጣቴ ዳሰስኩት፣ ስንጥቅ እንዳለው ለማየት። የፍርግርጉን ብሎኖችም አጠበቅኩ። ከከባድ ምት በኋላ ይህን ማድረግ ልማድ አድርጉት። ያገለገለ ፓድ ይገዛል፣ ያገለገለ ቁምጣም ይገዛል። ምን እንደመታው የማላውቀውን ማስክ ግን አልገዛም።

አንገትም አለ። እ.ኤ.አ. በ1989 ክሊንት ማላርቹክ የሚባል በረኛ በጨዋታ መሃል የሌላ ተጫዋች ጫማ ምላጭ አንገቱን ቆርጦት ለጥቂት ነው የተረፈው። እኔ ሁለቱንም አደርጋለሁ፦ አንገት ላይ የሚታሰረውንም፣ ከማስኩ አገጭ የሚንጠለጠለውንም። መጀመሪያ ይሞቃል፣ ያሳክካል። አሁን እንዳለ እንኳ አላስታውሰውም።

የደረት መከላከያው ላይ ቅሬታ አለኝ። ሱቅ ውስጥ ቆሜ ስሞክረው እንደ ተሰፋልኝ ነበር። በረዶ ላይ ጎንበስ ስል ግን ወደ ላይ ተገፍቶ አገጬን ነካው። ምክንያቱ ሆድ ላይ ያለው ክፍል ቁምጣው ውስጥ ስላልገባ ነው። የበረኛ ቁምጣ ወገቡ ሰፋ ያለ መሆን አለበት፣ መከላከያው ወደ ውስጥ እንዲገባ፤ ቁምጣውን የሚይዘው የትከሻ ማንጠልጠያ ነው። ቁምጣዬን በአንድ ልክ ስጨምር ችግሩ ተፈታ። የእጁ ርዝመት ግን አልተፈታም። በሁለተኛው ወር አንድ ፓክ በቀኝ እጄ፣ በብሎከሩ (ዱላ በያዘው እጅ ላይ በሚደረገው ጠፍጣፋ መከላከያ) መጀመሪያና በመከላከያው መጨረሻ መሃል ገባ። የሁለት ጣት ክፍተት ነበረ። አንጓዬ በልዞ ለአሥር ቀን ያህል ብዕር መያዝ አቃተኝ። የክንዱን ማሰሪያ እስከ መጨረሻው አላልቼ ወደ ታች አወረድኩት፤ አሁን ይበቃል፣ ግን ለጥቂት ነው። እንደገና ብገዛ ክንዱ አንድ ልክ የሚረዝመውን እወስዳለሁ። ስትሞክሩ ብሎከሩንና ጓንቱን አድርጋችሁ እጃችሁን ወደ ፊት ዘርጉ። ቆዳ ከታየ አይሆንም።

ፓክ የምይዝበት ጓንት ደህና ነው። ለመዝጋት እስከ ሦስተኛው ወር አስቸገረኝ፣ ከዚያ እጄን ለመደ። ጣቶቻችሁ እስከ ማስገቢያቸው ጫፍ መድረሳቸውን ብቻ እዩ፤ ካልደረሱ የመዝጋት ጉልበት አይኖራችሁም። ዱላውም እንደዚሁ። ወፍራሙ ክፍሉ ሲረዝም የያዘው እጅ ወደ ላይ ይነሳል፣ ክርን ይከፈታል፣ በብብት ሥር ጎል ይገባል። በመጠባበቂያ አቋማችሁ ሆናችሁ የዱላው ምላስ በረዶው ላይ ሙሉ ካረፈና ብሎከሩ ፓዱ ጎን ከቆመ ልኩ ነው።

ጫማው አስገርሞኛል። ከመንገድ ጫማዬ በአንድ ቁጥር ያህል ያነሰ ነው። ስቆም ጣቶቼ ጫፉን ለስለስ አድርገው ይነካሉ፤ ጉልበቴን ሳጥፍ ተረከዜ ወደ ኋላ ገብቶ ይላቀቃሉ። የበረኛ ምላጭ ከሌላው ተጫዋች ይልቅ ረጅምና ጠፍጣፋ ነው፣ ወደ ጎን ለመግፋት እንዲመች። ከሌላ ጫማ ለመጣ ሰው ሁለት ሳምንት ያስጨንቃል፤ ታገሱት።

እስካሁን ምን ተበላሸ? በሰባተኛው ወር የግራ ፓዴ የጉልበት ትራስ ጠርዝ ላይ ስፌቱ ተፈታ። በየጊዜው በረዶው ላይ የሚወድቀው እሱ ስለሆነ አልፈረድኩበትም፣ አሰፋሁት። በስምንተኛው ወር ሁለት ቬልክሮዎች መያዝ አቆሙ፣ ቀየርኳቸው። የጓንቱ መዳፍ እየሳሳ ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ለማድረቅ ማሞቂያ አጠገብ አስቀምጬው መዳፉ እንደ ካርቶን ደርቆ ነበር። አሁን ሁሉንም ከቦርሳው አውጥቼ ነፋስ ባለበት እሰቅላለሁ። ሽታውም ቀንሷል።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጓደኛችን በረኝነትን ልሞክር አለች። ከኔ በቁመት እኩል ናት። ፓዶቼን አውልቄ ሰጠኋት፣ ማሰሪያውን አላላሁላት። አንዴ ወረደች፣ ሁለተኛ ወረደች። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር አየሁ፣ ጎንበስ ብዬ ጣቴን በፓዱና በእግሯ መሃል አስገባሁ። ጉልበቷ ከትራሱ አልፎ ከላይ ነበር፤ ባቷ ከኔ ይረዝማል። «እየው፣ ለኔ አጭር ነው» አለች ራሷ። ፓዶቹን ፈታ መለሰችልኝ። ከዚያ ጫማዋን ሳታወልቅ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ «ሜትር ያለው ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች።